አሥራ አንዱ የዘንዶ እንቁላል

ንገሪን ያሉኝ ልጆቹ ናቸው፤ እኔማ ለመናገር አልተነሣሁም ነበር። የልጅ ልጄ ናትናኤል መድኃኒት የሚመጣበት ነጭ የፎም ሳጥን ከየት እንዳገኘ እንጃለት፣ አምጥቶ አምፖል አንጠለጠለበትና የዶሮ እንቁላል ልፈለፍል ነው አለ። ዶሮ የጠፋ ይመስል! ከጓሮ ክርር እያለች አስታቅፉኝ የምትል ዶሮ ቆማ፣ እሱ በአምፖል ጫጩት ሊያወጣ። የደብረ ማርቆስ መብራት ደግሞ እንደምታውቁት ነው፤ እንደ ኩርፍተኛ አማች ሲፈልግ ይመጣል፣ ምን አስቀየመው ሳይባል ይሄዳል። በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ የተማርሁት ነገር ቢኖር ወጣት ሲሞኝ ወንበር ስቦ ማየት ነው። ታዲያ አንድ ቀን ከእኅቱ ከሜሮን ጋር ስልካቸው ላይ አፍጥጠው ሲገረሙ ምንድን ነው ብዬ ባይ፣ አንድ ፀጉሩን እንደ ሴት የጠቀለለ ፈረንጅ በሳጥን ውስጥ የዘንዶ እንቁላል ደርድሮ ያሳያል። ዶሮ ፈልገው ዘንዶ አገኙ። ሜሮን «እማማ፣ የዘንዶ እንቁላል አንዴ ከተቀመጠ አይገለበጥም ይላል» አለችኝ። «አውቃለሁ» አልኋት። ሁለቱም ቀና አሉ። «ደግሞ አንቺ ከየት አወቅሽ?» አለ ናትናኤል፤ ፊቱ ላይ ያቺ የተማረ ሰው ፈገግታ አለች፤ ፊደል ያልቆጠረች አሮጊት ስለ ዘንዶ ምን ታውቃለች የምትል ፈገግታ። አንቺ ነው የሚሉኝም። በእኛ ጊዜ አያቱን አንቺ ያለ ልጅ በበርበሬ ይታጠን ነበር፤ አሁን ፍቅር ነው ይሉታል፤ ይሁንላቸው። ንገሪን ንገሪን ሲሉኝ፣ ያን ስልክ አስቀምጡና እነግራችኋለሁ አልሁ። ሜሮን ልጻፈው አለች። እኔ እንደ መጣልኝ እናገራለሁ፤ ማቃናቱ የእሷ ነው።

ያን ጊዜ ቤታችን ከመናኸሪያው ወደ ታች ሲወረድ፣ ባሕር ዛፎቹ የሚያልቁበት ጥግ ላይ ነበር። ዛሬ እዚያ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ መስታወቱ ሰማያዊ፣ ደረጃው ሽንት ሽንት የሚል፤ ምድር ቤቱ የስልክ ልባስ ይሸጣል፣ ላዩ ባዶውን ነው። ያኔ ጭቃ ቤት ነበር፤ ግን ሰው ይኖርበት ነበር። እንቁላል በስሙኒ ስምንት፣ ጾም ሲገባ ደግሞ አሥርም ይሆን ነበር፤ የሚበላው ስለሌለ። የወንዶቹ ሱሪ ከታች እንደ ደወል የተከፈተ፣ የመንገዱን አቧራ ጠርጎ የሚሄድ፤ ፀጉራቸው እንደ ቁጥቋጦ የቆመ፣ ማበጠሪያ የተሰካበት። ዛሬ ሱሪው ጠቦ እግር አላስገባ ብሏል፤ ጉልበቱ ላይ ተቀዶ ደግሞ በውድ ይሸጣል። ሁለቱንም ንቄያቸዋለሁ። ጥጉ ላይ ሬዲዮ ያለው ሻይ ቤት ነበር፤ ጧት የጀመረውን ዘፈን እስከ ማታ ይደጋግማል፤ ዛሬም ከነዚያ አንዱ ሚኒባስ ውስጥ ሲከፈት የዚያ ቤት ሻይ ቅርንፉድ ያውደኛል። ያን ሻይ ግን አንድም ቀን ገብቼ አልጠጣሁትም። ባለትዳር ሴት ሻይ ቤት ምን ትሠራለች? ሽታው ብቻ ነው የኔ።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ሳምንቱን መንገድ ላይ ነው። እኔ ዶሮ አስታቅፍ ነበር። እንዲህ ስላችሁ ናትናኤል እንደ ሳቀው አትሣቁ። ከይጁቤ ገበያ እንቁላል በእጄ መዝኜ፣ ለፀሐይ አሳይቼ እመርጣለሁ። ጎደሎ ቁጥር ነው የሚታቀፈው፤ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሦስት፤ ሙሉ ቁጥር አይቀናም። የጤፍ ጭድ ይነጠፋል፤ ነጎድጓድ እንዳይመታቸው ብረት ከሥር ይደረጋል፤ በእያንዳንዱ እንቁላል ላይ በከሰል ምልክት ይደረጋል፣ ሌላ ዶሮ መጥታ ስትጨምርበት እንዲለይ። የሰፈሩ ሴቶች እንቁላላቸውን ወደኔ ያመጣሉ፤ ከሚፈለፈለው እኩሌታው የኔ ነው። «የየውብዳር እጅ ይቀናል» ይሉ ነበር። አንድ ጊዜ ዶሮዬን በእቅፏ ላይ እያለች ሸለምጥማጥ በላብኝ። ሌላ ሴት ብትሆን እንቁላሉን ትጥል ነበር፤ እኔ ጭድ ውስጥ አድርጌ ከምድጃ ዳር አስቀምጬ፣ ጧት፣ ቀትርና ማታ እንደ ዶሮዋ እያገላበጥሁ ከአሥራ ሦስቱ አሥሩን አወጣሁ። የከሰሉ ምልክት የተገለበጠውን ካልተገለበጠው ይለይልኛል፤ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች። ከዚያ ወዲያ ስለ እንቁላል ሰው ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ እስቅ ጀመር። ንቀት እንዲህ ነው የሚገባው፤ በአንድ ሙያ በር ይገባና ቤቱን ሁሉ ይይዘዋል።

በግቢያችን ውስጥ ያለችውን ክፍል ጀማል የሚባል መምህር ተከራይቶን ነበር፤ የወሎ ልጅ፣ ባዮሎጂ የሚያስተምር። ቀጭን፣ አንገቱ ረዥም፣ ንግግሩ ከእርጎ የለሰለሰ። «እትዬ የውብዳር፣ ባስቸግርዎ፣ ክብሪት ይኖርዎት ይሆን?» ለክብሪት ይህን ሁሉ ደጅ ጥናት! እንጨት መፍለጥ አያውቅም፤ የእንቁራሪት ሆድ ዕቃ ግን አንድ በአንድ ይሥላል። ጎረቤቴ ጥሩአየሁ በር ለበር ነው የምንኖረው፤ ምላሷ ጦር ነው። «እስላሙ ተከራይሽ ዛሬ ምን ቀቀለ?» ትለኛለች ጧት ጧት። «ድንች» እላታለሁ። «ድንች ብቻ የሚበላ ሰው ልቡ አይታመንም» ትላለች። የጀማል ልብ ያለው ግን አንድ ነገር ላይ ነበር። አዲስ አበባ ሄዶ ዩኒቨርሲቲ መጨረስ። ለትምህርት ቤቱ የደረሰች አንዲት ቦታ ነበረች፤ የምትገኘውም በዲሬክተሩ ፊርማ ነው።

ይህን የነገረችኝ አስካለ ናት። አስካለ የዲሬክተሩ ታይፒስት ነበረች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እንቁላል ልትገዛ ትመጣለች፣ ጥፍሯን ቀይ የምትቀባ፣ ወሬዋ የማያልቅ። ጀማል ክፍል ውስጥ፣ ዘንዶ ከእንቁላሏ ላይ ተጠምጥማ እንደ ዶሮ ታሞቃለች ብሎ አስተምሮ፣ ይህ ከዲሬክተሩ ጆሮ ደረሰ። ዲሬክተሩ ከረባት የማያወልቅ፣ ሲናገር ሆዱን የሚያሻሽ ሰው ነበር፤ መንገድ ላይ ሲያልፍ ሰላምታውን በቅንድቡ ነው የሚሰጥ። በመምህራን ስብሰባ ላይ «አንተ፣ የዘንዶ እንቁላል ፈልፍለህ አምጣና ሳይንቲስት ነህ ብዬ እፈርምልሃለሁ» አለው። «ካልሆነልህ ግን ቆላ ወርደህ ከዘንዶህ ጋር ታስተምራለህ።» ሰው ሁሉ ሣቀ። ጀማልም አብሮ ሣቀ አሉ፤ ግን «እሺ ጌታዬ» አለ። ሞኝ! ጌታ ሲቀልድ እሺ የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ኅዳር ላይ ነበር፣ ከጽዮን ማግስት። ባለቤቴ ከዓባይ በረሃ ሲመለስ፣ አንድ ገበሬ ማሳው ዳር ያለውን ኩይሳ ሲቆፍር ከእንቁላሏ ላይ የተጠመጠመች ዘንዶ አግኝቶ ገደላት የሚል ወሬ ይዞ መጣ። ጀማል ይህን ሲሰማ ከእራቱ ተነሣ። በነጋታው ከባለቤቴ ጋር ወርዶ አሥራ ሁለት እንቁላል በቅርጫት አሸዋ ውስጥ አድርጎ፣ ጭኑ ላይ ታቅፎ መጣ። ባለቤቴ ከመኪናው ሲወርድ ይስቅና ይሳደብ ነበር። «ከዓባይ እስከ ደጀን አህያ የሚነዳ ሰው ቀደመን! ጉድጓድ ባየ ቁጥር ‹ቀስ በሉ ጋሼ፣ ቀስ በሉ› ይለኛል። ነፍሰ ጡር የጫንሁ መሰለኝ እኮ።» እንቁላሉ የዶሮ እንዳይመስላችሁ። የዶሮ ሁለቱን የሚያህል፣ ነጭ፣ ቅርፊቱ የማይሰበር፣ እንደ ቆዳ በጣት ሲጫኑት የሚረግብ። በእያንዳንዱ ላይ በቀይ እርሳስ አንዲት ምልክት አድርጎበታል። ሳይ ልቤን ትንሽ ደስ አለው፤ ይችን እንኳ ከሴቶች ተምሯል አልሁ።

እንዴት ይሙቅ? እዚህ ላይ ነው የሰፈሩ ጥበብ ሁሉ የወጣው። ማርቆስ ብርድ ነው፤ የዘንዶ አገር ደግሞ ቆላ። ግቢው ውስጥ ቅርጫቱን ከበን ቆምን። ጥሩአየሁ በሩቁ፣ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ።

«ጊዮርጊስ በጦር የወጋውን አንቺ ቤት በጭድ ሊሞቅ?» አለችኝ። «ወደ ሽንት ቤት ጉድጓድ ነው መጣል!»

«ፍግ ውስጥ ይቅበረዋ» አለ ባለቤቴ። «እርጥብ ፍግ ማለት እሳት ነው። ሌሊት እጅህን ብትከት ይፈጅሃል።»

«እሱን አስቤው ነበር ጋሼ» አለ ጀማል፣ ደብተሩ ላይ እየጻፈ። «ግን ሙቀቱ ልክ የለውም። አንድ ቀን ቢግል ይቀቅላቸዋል።»

«እኔ ዶሮ አለችኝ» አልሁ። «ገብስማዋ ክርር ካለች ሳምንቷ ነው። አንዱን አውጣና አሥራ አንድ አድርገው፤ ታቅፍልሃለች።»

«የዶሮ ሙቀት ይበዛበታል እትዬ። ዘንዶ ከዶሮ ቀዝቀዝ ያለ ነው የሚፈልገው።»

የዶሮ ሙቀት በዛበት! ይህን ቃል ሳምንት ሙሉ ለሰው ሁሉ ነግሬ ሣቅሁበት። ገብስማዋ እንኳ ወደ ቅርጫቱ ባቀርባት አንገቷን አንድ ጊዜ ነፋችና፣ ዘወር ብላ አስካለ ስትሄድ እንደምታደርገው ዳሌዋን እየወዘወዘች ሄደች። ጥሩአየሁ «ዶሮዋ ከሁላችሁም ክርስቲያን ናት» አለች። አምፖል እንዳይባል፣ መብራት ያኔ ሲመሽ መጥቶ ሰው ሲተኛ የሚጠፋ ነበር። አመድ ያደርቃል አለ። ብርድ ልብስ አይበቃም አለ። ሁሉንም እንደ ክስ መዝገብ ጽፎ ጽፎ፣ በመጨረሻ የመረጠው ነገር እኔን ነው የሚያገኘው። አንገቷ የተሰበረ ጋን ነበረችኝ፤ ከሥር እርጥብ አሸዋ፣ ላዩ ላይ ጭድ፣ እንቁላሎቹን ደርድሮ በጣውላ ከደናት፤ ጋኗን በጭድ በተሞላ የሳሙና ሳጥን ውስጥ አድርጎ ከማድ ቤቴ ምድጃ ጀርባ አስቀመጣት። ዙሪያዋን ሙቅ ውሃ የተሞሉ አራት የአረቄ ጠርሙሶች በጨርቅ ተጠቅልለው። ከትምህርት ቤት ያመጣውን የሙቀት መለኪያ ሰክቶ፣ ቀይ ክር አሠረበትና «መስመሯ ከዚህ ክር አትለፍ፣ አትውረድም» አለኝ። ለምሳ ሲመጣና ማታ እሱ፣ ቀን ቀን እኔ ውሃ ልቀይር።

«ውሃውን ብቻ ይቀይሩልኝ እትዬ የውብዳር። እንቁላሎቹን እባክዎ አይንኩብኝ። እንዳሉ ይተኙ።»

«እሺ» አልሁት። ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም። ለምን ማለት ማንን ገደለ? ግን ዶሮ አስታቅፎ የማያውቅ ወንድ ስለ እንቁላል ለምን ብዬ ልጠይቀው? ውርደት መሰለኝ። እሱም አልነገረኝም፤ ምናልባት ማስተማር እንዳይመስልብኝ አፍሮ ይሆናል።

በሳምንቱ ዲሬክተሩ «የሞተ እንቁላል ይሆናል የምታሞቀው» አለው መሰለኝ፣ ጀማል አንዱን ወስዶ በመምህራኑ ፊት በምላጭ ቀደደው። አስካለ ቅዳሜ መጥታ ስትነግረኝ ገና ያንገሸግሻት ነበር። «ደም ሥሩ እንደ ሸረሪት ድር! መሐሉ ላይ እንደ ክር የተጠቀለለች ነገር፣ ልቧ ትመታለች እኮ፣ በዓይኔ አየኋት! ምሳዬን አልበላሁም።» እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። አሥራ አንድ ቀሩ። ጎደሎ ሆነ። አሁን ይሆንለታል አልሁ በልቤ፤ ግን የሚያገላብጣቸው ያስፈልጋል።

በማግሥቱ ጀመርሁ። እጄን ታጥቤ፣ በእሳት አሙቄ፣ በስመ አብ ብዬ፤ ለዘንዶ በስመ አብ! ጣውላውን አንሥቼ አንድ በአንድ ገለበጥኋቸው። ቀይዋ ምልክት እንዴት እንደ ተመቸችኝ! ጧት ወደ ታች፣ ለምሳ ሳይመጣ ወደ ላይ፤ ከሰዓት ወደ ታች፣ ማታ ሳይመጣ ወደ ላይ። እሱ ከፍቶ ሲያይ እንዳስቀመጣቸው ያገኛቸዋል። ጎንበስ ብሎ መለኪያዋን እንደ ጸሎት መጽሐፍ ሲያነብ፣ በሩ ላይ ቆሜ እስቅበት ነበር። አንተ ቁጥር ቁጠር፣ ሥራውን የሚሠራው ሌላ ነው እለዋለሁ በልቤ። ሲፈለፈሉ መጽሐፉ የፈለፈላቸው ይመስለዋል፤ እኔም ዝም እለዋለሁ፣ ሲፈረምለት እነግረዋለሁ ብዬ አስቤ ነበር። ክፉ ሐሳብ አልነበረኝም። እንዲሄድ፣ እንዲማር እፈልግ ነበር። ብቻ በእኔ እጅ እንዲሆን ፈለግሁ።

ከተማው ግን ስሙን ጨረሰው። የሻይ ቤቱ ጎረምሶች ሲያልፍ እያጨበጨቡ፣

አስተምር ቢሉት ልጅ ሰብስቦ፣
ዘንዶ ያሞቃል ጠርሙስ ከቦ።

ይሉበት ነበር። ዲሬክተሩ ጧት ጧት በሰልፍ ላይ፣ ተማሪ ሁሉ እየሰማ፣ «መምህር፣ ዘንዶህ እንዴት አደረ?» ይለዋል አሉ። የዲማ ቄሶች የውብዳርን አወገዟት ብላ ጥሩአየሁ አወራች፤ ቄሶቹ ዘንዶውንም እኔንም አያውቁ። ጀማል እየከሳ ሄደ። ሌሊት ጠርሙስ ሊቀይር ሲነሣ ጫማውን በእጁ ይዞ ነው የሚያልፈው፣ እንዳይቀሰቅሰን። ይህንንም ንቄው ነበር። ወንድ ልጅ በገዛ ኪራይ ቤቱ እንደ ሌባ ሲሄድ!

የገና በዓል ሲቃረብ እንቁላሎቹ መጎድጎድ ጀመሩ። ጎናቸው ወደ ውስጥ ገባ፣ ቆዳቸው ላይ ቢጫ ሻጋታ ወጣ። ጀማል አሸዋው አንሶት ይሆናል ብሎ ውሃ ረጨ፤ እኔ ደግሞ ማገላበጡ አንሷቸው ይሆናል ብዬ በቀን ስድስት ጊዜ አደረግሁት። እንዲህ እየተጋገዝን ቆየን። አንድ ማክሰኞ፣ ፈተና ስለ ነበር በሦስት ሰዓት ከትምህርት ቤት ተመለሰ። እኔ ከጓሮ ነበርሁ። ስገባ ማድ ቤቱ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ጣውላው ጎኑ ላይ ወድቋል። አሥራ አንዱም ምልክታቸው ወደ ታች ነው። አንዱን በምላጭ ከፍቶታል። እዚህ ላይ ሜሮን፣ ቀስ ብለሽ ጻፊ። ትንሽዬ ዘንዶ ነበረች፤ እንደ መቀነት ጫፍ የተጠቀለለች፣ ጥለቷ ሳይቀር ቆዳዋ ላይ ወጥቶ ያለቀ፤ ቡናማና ወርቅማ፣ ሸማኔ የሠራው የሚመስል። ሞታለች።

«እትዬ» አለኝ፣ ቀና ሳይል። «የዘንዶ እንቁላል እንደ ዶሮ አይደለም። ውስጡ ያለው ከላይኛው ቅርፊት ጋር ይጣበቃል። ከተገለበጠ ይታፈናል።» ምላጩን አስቀመጠና «ማን ነካቸው?» አለ።

መልስ ነበረኝ። ከምላሴ ላይ ነበር። ግን በሩ ላይ ጥሩአየሁ እንስራ አዝላ ቆማለች፣ ጆሮዋ እንደ ጥንቸል። ነገ ገበያው ሁሉ ይሰማዋል።

«እኔ እንጃ» አልሁት። «አይጥ ይሆናል።»

አይጥ! አሥራ አንድ እንቁላል አንድም ሳትበላ፣ አንድ በአንድ ምልክቱን ወደ ታች አዙራ፣ ጣውላውን መልሳ ከድና የምትሄድ አይጥ! በሕይወቴ ብዙ ሰው ንቄያለሁ፤ ከዚያች ቀን አፌ በላይ ግን የናቅሁት የለም።

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ እጄ ላይ ሄደ፤ እጄ ላይ አሸዋ አልነበረም፣ ግን ከነጠላዬ ሥር ደበቅሁት። «አይጥ ይሆናል» አለ። እንቁላሎቹን በጋዜጣ ጠቅልሎ ወጣ።

በወሩ ወደ ዓባይ በረሃ ተዛወረ። ሲሄድ አንድ ሻንጣና ደብተሮቹን ብቻ ነው የያዘው። በራፌ ላይ ቆሞ «ማድ ቤትዎን ይህን ያህል ጊዜ ስላጣበብሁብዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ የውብዳር» አለኝ። እኔ «ምንም አይደል» ብዬ በሩን ዘጋሁ። ስንቅ እንኳ አልቋጠርሁለትም። ያጠፋሁትን ሰው ላየው አልወደድሁም፤ ላላየው ደግሞ መናቅ ነበረብኝ። ከዚያ ወዲያ በየማኅበሩ፣ በየልደቱ፣ ጠርሙስ ያሞቀውን መምህር ታሪክ የማወራ እኔ ሆንሁ። አሳምሬ ነበር የማወራው። የዶሮ ሙቀት በዛበት ስል ሰው በሣቅ ይፈርሳል፤ አይጧን ስጨምርበት ደግሞ እንባቸው ይወርዳል። እንቁላሉም መምጣቱን አላቆመም፤ እንዲያውም በዛ። ከደብረ ወርቅ ድረስ ሴቶች በሰው እጅ ይልኩልኝ ነበር። በዚያ ዶሮ ነው የእናንተን አባት ያስተማርሁት፤ ሒሳብ አዋቂ የሆነው በጫጩት ነው። አሁን ፎም ሳጥን አምጥታችሁ ትስቁብኛላችሁ እንጂ።

ብዙ ዓመት አለፈ። መንግሥቱም ሱሪውም ስንት ጊዜ ተለወጠ፣ ባለቤቴም አረፈ። ለዓይኔ ሞራ ልታይ ሆስፒታል ወረፋ ይዤ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገቤ አንዲት አሮጊት ተቀምጣ ነርሷን ስትቆጣ ሰማሁ። ድምፅዋን አወቅሁት። «አስካለ?» አልሁ። እሷም አታይ እኔም አላይ፤ በእጃችን ነው ፊት ለፊት የተዳበስነው። ያን ጊዜ ወዲያው አግብታ ወደ ሌላ አገር ሄዳ ስለ ነበር ከዚያ ወዲህ አልተገናኘንም። ስለ ልጆች፣ ስለ ጉልበት፣ ስለ ሞቱት ተነጋገርን። እኔም የለመደብኝን፣ ሰው ለማሣቅ «ያ ጠርሙስ የሚያሞቀው መምህር ትዝ ይልሻል?» አልኋት። አልሣቀችም።

«ያን ቀን ቢሮው ውስጥ ነበርሁ» አለችኝ። «ሁሉንም በጋዜጣ እንደ ጠቀለለ ጠረጴዛው ላይ አኖራቸው። መምህራኑ ተሰብስበዋል። ዲሬክተሩ ‹እህሳ፣ ሳይንቲስቱ፣ ምን ገደላቸው?› አሉት። ‹ተገልብጠው ነው› አለ። ‹ማን ገለበጣቸው?› ሲሉት ‹እኔ› አለ። ‹እንደ ዶሮ እንቁላል መስሎኝ።› ቤቱ በሣቅ ተናጋ። የዝውውሩን ደብዳቤ እዚያው የመታሁት እኔ ነኝ።»

«እኔ አለ?» አልኋት።

«እኔ አለ። ሲወጣ ኮሪደር ላይ ተከትዬ ያዝሁት። ‹የባዮሎጂ አስተማሪ ይህን ያጣዋል? አከራይህ ናት አይደለችም?› ስለው አፌን ሊይዝ ምንም አልቀረው። ‹ቀስ በይ› አለኝ። ‹ሴቶቹ እንቁላላቸውን የሚሰጧት እጇን አምነው ነው። ይህ ከተሰማ ማን ይሰጣታል?›»